ጆርጅ ስቴፈንሰንና የሐዲዱ መስመር

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ከተማ በዚህ ስፍራ ለምን ተቈረቈረ፣ በዚያኛውስ ለምን አልተቈረቈረም ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? አንዱ ከተማ የነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረ፣ ሌላው ገበያ ስለ ቆመበት፣ ሌላውም የወንዝ መሻገሪያ ስለ ሆነ አድጎ ይሆናል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግን በሰሜን እንግሊዝ አገር ለከተሞች ማደግና መጫጨት አንድ አዲስ ምክንያት ተገኘ፤ ይኸውም የባቡር ሐዲድ ነው። መስመሩ የደረሰበት መንደር ከተማ ሲሆን፣ መስመሩ የሸሸው የቆየ ከተማ ባለበት ቀረ። ይህን መስመር ከቀየሱት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጆርጅ ስቴፈንሰን፣ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ማንበብና መጻፍ የማይችል የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር። ታሪኩን ስታነቡ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አትርሱ።

ስቴፈንሰን ጁን 9 ቀን 1781 በታይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ዋይለም በምትባል የማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ ከከሰል ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለሚስበው የእንፋሎት ሞተር እሳት አንዳጅ ነበር። የሚኖሩበትን ቤት አራት ቤተሰቦች ተካፍለውት ስለ ነበር፣ ለእነርሱ የደረሳቸው አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች። ከደጃፋቸው ፊት ለፊት የእንጨት ሐዲድ ያልፋል፤ በዚያም ላይ ፈረሶች ከሰል የተጫነበትን ፉርጎ እየጎተቱ ወደ ወንዙ ያወርዱ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐዲድን የፈጠረው ስቴፈንሰን አይደለም። በዚያ አካባቢ የእንጨት ሐዲድ እርሱ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይሠራበት ነበር።

ልጁ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘም። የመጀመሪያ ሥራው በቀን 2 ፔኒ እየተከፈለው የአንዲት ባልቴት ላሞችን መጠበቅ ነበር። ላሞቹ ከግጦሹ እየወጡ ሐዲዱ ላይ እንዳይቆሙና ፉርጎ እንዳይገጫቸው መከልከልም ከተግባሮቹ አንዱ ነበር። ከብትና ፉርጎ፣ እርሻና ሐዲድ በአንድ መሬት ላይ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ገና በሕፃንነቱ ያየው በዚህ ዐይነት ነው።

ቀጥሎም ከሰል ለቃሚ፣ ከዚያ እንደ አባቱ እሳት አንዳጅ፣ ኋላም የሞተር ጠባቂ ሆነ። በ18 ዓመቱ ከደመወዙ እየከፈለ የማታ ትምህርት ጀመረ፤ ፊደልንና ሒሳብን የለየው ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ በሻማ ብርሃን እየተማረ ነው። በትርፍ ሰዓቱም ጫማ እየሰፋ፣ የተበላሸ ሰዓት እየጠገነ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1802 ፍራንሲስ ሄንደርሰን የተባለች ሴት አገባ፤ በዓመቱም ሮበርት የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሆኖም ደስታው አልቆየም። ሁለተኛዋ ልጃቸው በጨቅላነቷ ሞተች፤ ሚስቱም በ1806 በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። ስቴፈንሰን ልጁን በሰው እጅ ትቶ በእግሩ ወደ ስኮትላንድ ተጓዘና ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ተመለሰ። በተመለሰ ጊዜ አባቱ በእንፋሎት ተቃጥሎ ዐይኑ ጠፍቶ ቆየው። ያጠራቀማትን ገንዘብ ለአባቱ ዕዳና ለወላጆቹ መጦሪያ አደረጋት። ወደ አሜሪካ ለመሰደድ አስቦ እንደ ነበረም ይታወቃል፤ ዳሩ ግን ለመርከብ የሚከፍለው አልነበረውም። ድህነቱ ባያስቀረው ኖሮ የዚያ አገር የባቡር ታሪክ ምን መልክ ይኖረው እንደ ነበር መገመት ያስቸግራል።

የኑሮው መስመር የተለወጠው በ1811 ነው። ኪሊንግወርዝ በተባለው የማዕድን ስፍራ አንድ ጉድጓድ በውሃ ተሞልቶ፣ የመሳቢያው ሞተርም አልሠራ ብሎ፣ ባለሙያዎች ሁሉ ሞክረው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ስቴፈንሰን ሞተሩን ፈታትቶ፣ አስተካክሎና መልሶ ገጥሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉድጓዱን አደረቀው። በሚቀጥለው ዓመት የማዕድኑ ሞተሮች ሁሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1814 በሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ባቡር ሠራ፤ ይህም 30 ቶን ያህል ከሰል የተጫነባቸውን 8 ፉርጎዎች በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ዳገት አወጣ። እዚህ ላይ ለእውነት መመስከር ይገባናል። ከእርሱ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1804፣ ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው መሐንዲስ በዌልስ አገር ባቡር በሐዲድ ላይ አስኪዷል። የስቴፈንሰን ብልጫ በጅማሬው ሳይሆን በጽናቱ ነው፤ ሌሎች ሞክረው የተዉትን ነገር እርሱ ሳይታክት እያሻሻለ ለቋሚ አገልግሎት አበቃው።

በዚህ ጊዜ አባትና ልጅ በአንድነት የሚማሩ ጓደኞች ሆነው ነበር። ሮበርት ኒውካስል ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚማረውንና ከቤተ መጻሕፍት የሚያመጣውን ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ያጠናው ነበር። በ1816 ሁለቱ ሆነው በቤታቸው በር ላይ በፀሐይ ጥላ ሰዓት የሚያመለክት ድንጋይ ቀርጸው ሰቀሉ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ስሌት የሠራው አባትየው ብቻውን አይደለም፤ ልጁ ከመጽሐፍ አግኝቶ ያስረዳው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከዳርሊንግተን ከተማ በስተምዕራብ ብዙ የድንጋይ ከሰል ነበረ፤ ነገር ግን ከሰሉ ከባሕር ርቆ ይገኝ ነበር። በበቅሎና በጋሪ ተጭኖ መርከብ የሚቆምበት ወንዝ እስኪደርስ ድረስ የማጓጓዣው ወጪ ዋጋውን እጥፍ ድርብ ያደርገው ነበር። ኤድዋርድ ፒዝ የተባለ የዳርሊንግተን የሱፍ ነጋዴና ባልደረቦቹ ከከሰሉ ስፍራ እስከ ቲዝ ወንዝ፣ ማለትም እስከ ስቶክተን ወደብ ድረስ፣ ሐዲድ ለመዘርጋት አሰቡ። በእንግሊዝ አገር የሰውን መሬት አቋርጦ ሐዲድ ለመዘርጋት የፓርላማ ሕግ ያስፈልጋልና በ1819 ጥያቄያቸውን አቀረቡ። የአካባቢው ታላቅ ባለርስት የዳርሊንግተን መስፍን ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ምክንያታቸው መስመሩ ቀበሮ የሚያድኑበትን ጫካ ይቆርጣል የሚል ነበር፤ ጥያቄውም ወደቀ። ለአንድ ባለርስት አደን ሲባል የአንድ አውራጃ ከሰል በጋሪ እየተጎተተ ቀረ ማለት ነው። መስመሩ ከአደኑ ስፍራ ራቅ ተደርጎ እንደ ገና ከተቀየሰ በኋላ በኤፕሪል 1821 ሕጉ ጸደቀ።

ፒዝ በመጀመሪያ ያሰበው በፈረስ የሚጎተት ፉርጎ ነበር። ስቴፈንሰን ወደ ኪሊንግወርዝ ወስዶ ባቡሩን ካሳየው በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ ስቴፈንሰንንም የመስመሩ መሐንዲስ አደረገው። በዚያው ዓመት መከር ስቴፈንሰን ከ18 ዓመት ልጁ ጋር ሆኖ አገሩን በእግሩ እየረገጠ መስመሩን እንደ ገና ቀየሰ። አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለ። ስቴፈንሰን ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የተለየ የሐዲድ ዐይነት የመሥራት የባለቤትነት መብት ነበረው፤ ይህም በቅልጥ ብረት የሚሠራ ሐዲድ ነው። ይሁንና ተቀጥቅጦ የሚሠራው ሐዲድ እንደማይሰበር ስላየ፣ የራሱን ጥቅም ትቶ አብዛኛው መስመር በዚያ እንዲሠራ መከረ። በዚህም ምክንያት ከሸሪኩ ጋር ተቀያየመ።

የሐዲዱንም ስፋት ያየን እንደ ሆነ፣ ስቴፈንሰን የወሰደው በኪሊንግወርዝ የፈረስ ፉርጎዎች ይሄዱበት የነበረውን ልክ ነው። ኋላ ትንሽ ተጨምሮበት 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነና በብዙ የዓለም ክፍል ተለመደ። ቀድሞ ከጂቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር፤ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ አዲስ መስመር ግን ያንኑ የእንግሊዝ የከሰል ፉርጎ ልክ ይዟል።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 መስመሩ ተከፈተ። ስቴፈንሰን ራሱ የነዳው ባቡር ከሰልና ዱቄት የተጫኑ ፉርጎዎችንና በላያቸው የተሳፈሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን እየጎተተ ስቶክተን ገባ። የከሰል ዋጋ በአካባቢው ወዲያው ወረደ። ይህም የጠቀመው የከተማውን ሰው ብቻ አልነበረም። ገበሬው የእርሻውን አፈር የሚያለመልምበት ኖራ የሚቃጠለው በከሰል ስለ ሆነ፣ ከሰሉ ሲረክስና ኖራውም በፉርጎ ሲጓጓዝ ከጉድጓዶቹ ርቆ የሚገኝ እርሻ ሁሉ ተጠቃሚ ሆነ። በሌላ በኩል ሐዲዱ ማሳውን ለሁለት ይከፍልበት የነበረ ገበሬም ነበር። ስለዚህ የባቡሩ ማኅበር መስመሩን በአጥር የማጠርና ከብት የሚሻገርበት መንገድ የማበጀት ግዴታ ነበረበት። ለመሬቱ የሚከፈለው ካሳ ግን የሚደርሰው በአብዛኛው ለባለርስቱ እንጂ መሬቱን ለሚያርሰው ጭሰኛ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የከተሞቹ ዕጣ ነው። ያርም የምትባለው በቲዝ ወንዝ ላይ የምትገኝ የቆየች ወደብ ዋናው መስመር ሳይነካት አለፈ። ስቶክተን ደግሞ በከሰሉ ንግድ ለጥቂት ዓመታት ደመቀች። ይሁን እንጂ ወንዙ እዚያ ላይ ጥልቀት የለውም፤ ጠመዝማዛም ነው፤ ትልቅ መርከብ አይገባበትም። ስለዚህ የኤድዋርድ ልጅ ጆሴፍ ፒዝና ባልደረቦቹ ከወንዙ በታች፣ ውሃው በጠለቀበት ስፍራ፣ 200 ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ገዙ። ስፍራው ሚድልስብሮ ይባል ነበር። በ1801 ሰዎች ሲቆጠሩ በዚያ የነበሩት 25 ብቻ ናቸው። ገዢዎቹ መሬቱን እንደ ገበታ አራት ማዕዘን እያደረጉ ቀየሱት፤ መካከሉን ለገበያ ተዉት፤ ሐዲዱንም በዲሴምበር 1830 እስከዚያ አደረሱት። ወንዙን የሚሻገረው በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድልድይ ባቡር ሲያልፍበት ይረግብ ስለ ነበር፣ ፉርጎዎቹን አራራቆ በጥቂት በጥቂቱ ማሳለፍ ግድ ነበር። ያም ሆኖ ከሰሉ ወደ አዲሱ ወደብ ጎረፈ። የስቶክተን የከሰል ንግድም አብሮት ሄደ።

በ1831 የሚድልስብሮ ሕዝብ 154 ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1841 ከ5,400 በላይ ሆነ። እናንተ በምትኖሩበት ቀበሌ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳ አምስት እጥፍ ሰው ቢጨመር የውሃው፣ የመጸዳጃውና የመኖሪያ ቤቱ ነገር ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት። በሚድልስብሮም የሆነው ይኸው ነው። መንገዶቹ በወረቀት ላይ ሰፊና የተስተካከሉ ነበሩ፤ ነገር ግን በየጓሮው ሌላ ቤት እየተቀጠለ ሰዎች እጅግ ተፋፍገው ይኖሩ ጀመር።

ስቴፈንሰን ይህን ከተማ አልቀየሰም፤ እርሱ በዚያን ጊዜ በሌላ ሥራ ተይዞ ነበር። የጥጥ ፈትልና ሽመና ፋብሪካዎች የሞሉባት የማንችስተር ከተማ ጥጧን የምታገኘው በሊቨርፑል ወደብ በኩል ነው። ጥጡ በጀልባ ቦይ ለቦይ እየዘገየ ይደርስ ነበርና የሁለቱ ከተማ ነጋዴዎች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐዲድ እንዲዘረጋ ስቴፈንሰንን ቀጠሩት። የቦዮቹ ባለቤቶችና ባለርስቶቹ ግን ተባበሩበት። ዘበኞች ቀያሾቹን ከእርሻው ስላባረሯቸው፣ አንዳንዱ ልኬት በስውርና በችኮላ ተወሰደ።

በ1825 ጉዳዩ በፓርላማ ሸንጎ ፊት በቀረበ ጊዜ ይህ ችኮላ ዋጋ አስከፈለ። ጠበቆች ስቴፈንሰንን አቁመው በጥያቄ አፋጠጡት። የረዳቶቹ የከፍታ ልኬት ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ድልድይ ሲጠየቅም አጥጋቢ መልስ መስጠት አቃተው። የሰሜን ሰው አነጋገሩም መሳለቂያ ሆነ። ጥያቄው ተጣለ፤ ማኅበሩም ሌሎች መሐንዲሶች ቀጠረ። በራሱ ጥረት የተማረ ሰው በተማሩ ሰዎች ፊት እንዲህ ሲዋረድ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ስቴፈንሰንም ለለንደን መሐንዲሶች የነበረው ጥርጣሬ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ አንዳንዴም ሊያመሰግናቸው የሚገባቸውን ሰዎች እንዲጠላ አድርጎታል። ሆኖም በ1826 ሕጉ በሁለተኛ ሙከራ ሲጸድቅ ሥራውን እንዲመራ መልሰው የጠሩት እርሱኑ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ከሁሉ የከፋው ስፍራ ከማንችስተር በስተምዕራብ ያለው ቻት ሞስ የተባለው ረግረግ ነበር። ሰው ሲረግጠው ስለሚያሰጥም ሠራተኞቹ ከእግራቸው በታች ሳንቃ እያሰሩ ይራመዱ ነበር። ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ግራና ቀኝ ቦይ ቢቆፈር ቦዩ ተመልሶ ይደፈናል፤ አፈር ቢደፋበትም ይውጠዋል። ለሳምንታት ያህል በሺህ የሚቆጠር ጋሪ አፈር ቢፈስስበትም ምንም ምልክት አልታየም፤ የማኅበሩ አስተዳዳሪዎችም ሥራውን ለመተው እስከ መምከር ደርሰው ነበር። ስቴፈንሰን ግን ሐዲዱን በመሬት ላይ ከማቆም ይልቅ በረግረጉ ላይ ማንሳፈፍ ይቻላል አለ። ከቅርንጫፍ የተሠራ እንደ ጠፍር የተጎነጎነ ርብራብ አስነጠፈ፤ በላዩ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም አሸዋና ጠጠር አስደረበ። ክፍት በርሜሎችን አያይዞም ውሃ ማውረጃ አደረጋቸው። በ1830 መጀመሪያ ባቡር በላዩ ተሻገረ፤ ዛሬም በዚያው መስመር ላይ ባቡሮች ይመላለሳሉ። ረግረጉም እንደ ቀድሞው አልቀረም። በዚያው ምዕተ ዓመት ውስጥ ከማንችስተር ከተማ የሚወጣው ጥራጊና ፍግ ወደዚያ እየተጓጓዘ ስለ ተበተነበት፣ ሰው የሚያሰጥመው ጥቁር መሬት ብዙው ክፍል ለከተማው አትክልት የሚያመርት እርሻ ሆነ።

በኦክቶበር 1829 ለመስመሩ የሚሆነውን ባቡር ለመምረጥ የ500 ፓውንድ ሽልማት ያለው ውድድር ተደረገ። ሮኬት የተባለው ባቡር አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን ባቡር የጆርጅ ሥራ አድርጎ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ንድፍ የልጁ የሮበርት ሲሆን፣ ማሞቂያው በብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች እንዲሠራ ሐሳቡን ያመነጨው የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ቡዝ ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 መስመሩ ሲመረቅ ዊልያም ሀስኪሰን የተባሉ የፓርላማ አባልና የቀድሞ ሚኒስትር ከሠረገላቸው ወርደው ሐዲድ ላይ ሳሉ በሮኬት ተገጩ። ስቴፈንሰን ሌላ ባቡር ራሱ እየነዳ ወደ ሐኪም አደረሳቸው፤ ነገር ግን በዚያው ምሽት ሞቱ። ያም አደጋ ሕዝቡን ከባቡር አላራቀውም። ማኅበሩ በብዛት አመላልሳለሁ ብሎ የጠበቀው ጥጥ ነበር፤ በ1831 ግን ከ400 ሺህ በላይ መንገደኞች ተሳፈሩ። ቀድሞ በእግራቸው ሲነዱ ከስተው ገበያ የሚደርሱት ከብቶች በባቡር መጫን ጀመሩ። ወተትም እየቆየ ከሩቅ መንደር በማለዳ ተጭኖ ሳይበላሽ ከተማ መግባት ቻለ። በሐዲዱ አጠገብ ያለ ገበሬ ከእህል ይልቅ ወተትና አትክልት ለገበያ ማቅረብ እንደሚያዋጣው ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ስቴፈንሰን በየአውራጃው የሚፈለግ ሰው ሆነ። ከዳርቢ ወደ ሊድስ በሚወስደው መስመር ላይ ክሌይ ክሮስ በተባለው መንደር ዋሻ ሲቆፈር ከሰል ተገኘ፤ እርሱም በ1837 ከሌሎች ጋር ማኅበር አቋቁሞ ማዕድኑን ከፈተ፤ መንደሩም የሠራተኞች ከተማ ሆነ። ከዚህም ቀጥሎ ኖራ ማቃጠያ ምድጃዎች አሠራ። በ1840ዎቹ አጋማሽ ሰው ሁሉ በባቡር አክስዮን ለመክበር ሲሯሯጥ ግን እርሱ ከዚያ ትርምስ ራሱን አገለለ፤ ብዙዎችም በዚያ ጥድፊያ ንብረታቸውን አጥተዋል።

የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በቼስተርፊልድ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ታፕተን በተባለው ቤቱ ነው። በዚያም ወደ ልጅነት ሥራው፣ ወደ መሬትና ወደ ከብት ተመለሰ። አናናስና ሐብሐብ በመስታወት ቤት ውስጥ ያበቅል ነበር። ኪያር እየተጣመመ ስላስቸገረው የመስታወት ቱቦ አሠርቶ በውስጡ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ አደረገው ይባላል፤ ለቀጥተኛ መስመር ያለው ፍቅር እስከ አትክልቱ ድረስ ዘልቆ ነበር ማለት ነው። ኦገስት 12 ቀን 1848 በ67 ዓመቱ ዐረፈ፤ በቼስተርፊልድም ተቀበረ።

በሞተበት ዘመን ሚድልስብሮ በጭንቀት ላይ ነበረች። ያሳደጋት ሐዲድ በየአቅጣጫው ተዘርግቶ ከሰሉን ወደ ሌሎች ወደቦች ይወስድባት ጀምሮ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት በስቶክተን የደረሰው በእርስዋም ሊደርስ ነበር። በ1850 ግን ከከተማዋ ደቡብ ባሉት ኮረብታዎች የብረት ማዕድን ተገኘ። ብረቱን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ከሰል ስቴፈንሰን በቀየሰው መስመር ከምዕራብ መጣ፤ ማዕድኑም በአዲስ ሐዲድ ከኮረብታው ወረደ። በ1871 የሚድልስብሮ ሕዝብ ወደ 40,000 ተጠግቶ ነበር። ማረሻ ያርሰው የነበረው መስክ በማቅለጫ ምድጃዎች ተሞላ፤ ሌሊቱም በእሳታቸው ይቀላ ነበር።